መርሻ የሰጠኝ ቦታ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ የድሮ የኮርስ ጓደኛዬ ደወለልኝ። ድምፁ አላረጀም። ያኔ የመኝታ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ «ተነሥ!» ሲል ቆርቆሮው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሁንም ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ነው የሰማሁት። የጦር ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበት በዓል ሊከበር ነው አለኝ። መጽሔት ይታተማል፤ እያንዳንዳችን፣ ትምህርት ቤቱ በኋላ ለደረስንበት ደረጃ ምን እንዳበረከተ ሁለት ገጽ እንድንጽፍ ታዘናል። «ታዘናል» ነው ያለው። ግማሻችን ምርኩዝ የያዝን፣ ግማሻችን የልጅ ልጆቻችንን ስም የምናምታታ ሽማግሎች አሁንም እንታዘዛለን። እኔም «እሺ» ብዬ ስልኩን ስዘጋ ለካ ከወንበሬ ተነሥቼ ቀጥ ብዬ ቆሜ ኖሯል። ባለቤቴ አየችኝና «አሳርፍ!» ብላ አሾፈችብኝ።

የሚጻፍ ነገር አይጠፋም። ከእኛ ኮርስ የባንክ ኃላፊ ወጥቷል፣ ሐኪም ወጥቷል፣ ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ወጥቷል። ጦሩ ሲበተን ከደንብ ልብሳቸው በቀር ምንም ሳይዙ መንገድ ላይ የቀሩት ሳይቀሩ ዞረው ዞረው ሰው ሆነዋል። ሰዎች ምስጢሩን ሲጠይቁን «ዲሲፕሊን ነው» እንላለን፤ ውሸትም አይደለም። እኔ ራሴ ሻምበልነቴን አውልቄ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት መጋዘን ጠባቂ ሆኜ ገብቼ ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት። ይህን ሁሉ ልጽፍ ባሕር ዳር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥሁ። ገና የመጀመሪያውን መስመር፣ «ለዚህ ትምህርት ቤት ተመርጬ የገባሁት» ብዬ ስጀምር እጄ ቆመ። እንዴት ተመርጬ እንደገባሁ ከእኔ በቀር በሕይወት ያለ ሰው አያውቅም። ማወቅ የሚገባው አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም ላስታ ውስጥ ዓይኑ እየደከመ በሕይወት አለ። መርሻ ይባላል። ሳልነግረው ከሁለት አንዳችን ብንሞትስ የሚል ሐሳብ በዚያ ቀን ገብቶብኝ እንቅልፍ ነሣኝ።

እኔና መርሻ የላሊበላ የካህናት ልጆች ነን። አባቶቻችን በአንድ ደብር ያገለግላሉ፤ ቤቶቻችን በዚያ ቁልቁለት ላይ በአንድ የድንጋይ አጥር ይዋሰናሉ። የዚያን ጊዜ ከተማዋ እንዳሁኑ ሆቴል በሆቴል አልነበረችም። ከቅዳሜ ገበያው ራስ ላይ የአንድ ነጋዴ ሱቅ ነበረች፤ ስኳር፣ ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ መርፌ ትሸጣለች። ነጋዴው በቀኝ በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ በጥልፍ የተሸፈነ ሬዲዮ አለው። ወደ ማታ ዘፈን ሲለቅ ግማሹ ከተማ መርፌ ሊገዛ ይመጣል። እኔና መርሻ የቄስ ልጅ ነንና ዘፈን ሲሰሙ መታየት ነውር ስለሆነብን፣ ከሱቋ ጀርባ ያለው ካብ ሥር ተቀምጠን፣ ጫማችንን የምንጠግን መስለን እናዳምጥ ነበር። ጫማ ስል ኮንጎ ነው፤ ላስቲክ። በሁለት ብር ይገዛል፣ ሲቀደድ በጋለ ቢላ ይጣበቃል፣ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል። መርሻ የኮንጎው አፍ በተከፈተ ቁጥር «ተራበ» ይል ነበር። አሁን ሳስበው ያን ያህል የሚያስቅ አይደለም፤ ያኔ ግን ሆዳችንን ይዘን ነበር የምንስቀው።

ቀን ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት እንማራለን፤ ጧትና ማታ ደግሞ ዜማ ቤት ነን። የዜማ ቤታችን አንድ የማይጣስ ሥርዓት ነበረው። ንግሥ ሲደርስ የኔታ ከተማሪዎቻቸው ጎበዝ ጎበዞቹን ሁለቱን ያቆሙና «ከሁለታችሁ ማን ይሻላል? ማን ይምራ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ከጥንት የታወቀ ነው። አንተ የጓደኛህን ስም ትጠራለህ፣ ጓደኛህ ያንተን ስም ይጠራል፣ የኔታ ደግሞ ፈገግ ብለው የፈለጉትን ይሾማሉ። «እኔ» ያለ ተማሪ አለንጋው አይቀርለትም፤ ከአለንጋው ይልቅ ግን ስሙ ነው የሚጎዳው። አንድ ጊዜ ከኩልመስክ የመጣ ልጅ ሥርዓቱን ሳያውቅ «እኔ እሻላለሁ» ብሎ፣ ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሩ እስኪመለስ ድረስ «አቶ እኔ» ሲባል ኖረ። እኔና መርሻ ስንቴ እንደዚያ ጎን ለጎን እንደቆምን አልቆጥረውም። «መርሻ ይበልጠኛል» እላለሁ፤ «አያሌው ይበልጠኛል» ይላል። እውነቱን ልናገርና፣ የሚበልጠው እሱ ነበር። በዜማም፣ በሒሳብም፣ በሩጫም። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም፤ ዳገት ላይ ጀርባውን እያየሁ ስለኖርሁ ነው።

የጦር ትምህርት ቤቱ መልማዮች የመጡት ገብስ በሚታጨድበት ወራት ነው። አቧራ የለበሰች መኪና ትምህርት ቤታችን ግቢ ገብታ ቆመች። የወረደው መኮንን ቆቡ፣ ቀበቶው፣ ጫማው ሁሉ ያብረቀርቃል፤ ሲያልፍ የሳሙና ሽታ ይተዋል። እንዲህ የሚሸት ወንድ አይተን አናውቅም። ፈተና ሰጡን፤ ከሁሉም በልጠን እኔና መርሻ እኩል አመጣን። ሮጠን አየን፤ እሱ ቀደመኝ። ከዚያ ርእሰ መምህሩ ጠርተውን፣ ከአካባቢው የሚወሰደው አንድ ልጅ ብቻ መሆኑንና መኮንኑ ሰኞ ለየብቻችን አነጋግሮ እንደሚመርጥ ነገሩን። አንድ ልጅ። ነጭ አንሶላ ያለበት አልጋ፣ ሦስት ጊዜ ምግብ፣ የማይቀደድ ጫማ፣ ከዚያም መኮንንነት ለአንድ ልጅ።

እሑድ ዕለት ሱሪ ልዋስ አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። አጎቴ አያ ታደሰ የሃምሳ አለቃ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቀልደኛ፣ ቤተሰባችን ውስጥ ብቸኛው ቤተ ክህነት ያልገባ ሰው ናቸው። ካኪ ሱሪያቸውን እያጠበቡልኝ መከሩኝ። «አንተ ልጅ፣ መኮንን ሲያናግርህ አንገትህን እንዳትደፋ። ዓይን ዓይኑን እየው። ‹ማን ይሻላል?› ብሎ ይጠይቅሃል፤ የማይቀር ነው። እንደ ዜማ ቤት ‹ጓደኛዬ› ብትል ቀረህ። ጦር ‹እኔ› የሚል ሰው ነው የሚፈልግ።» ከዚያ ክሩን በጥርሳቸው ቆርጠው፣ «ለዚያ ለጓደኛህም ንገረው። ሁለታችሁም የቄስ ልጆች ናችሁ፤ አንገት መድፋት አታጡም» አሉኝ። «እሺ አያ» አልሁ።

አልነገርሁትም። ሰኞ ጧት አብረን ወረድን። ወንዙ ላይ እግራችንን ታጠብን፤ መርሻ ኮንጎውን በቅጠል ሲወለውል ጎኑ ተቀምጬ ነበር። ደጋግሜ አፌን ከፈትሁ፤ ያወራሁት ግን ሌላ ሌላውን ነው። ስለ ሱሪው፣ ስለ መኪናዋ ጎማ። በልቤ ግን፣ ከነገርሁት እሱ ነው የሚመረጠው እያልሁ ነበር። በመጀመሪያ እሱ ተጠርቶ ገባ። ሲወጣ ፊቱ በርቷል። «ምን ጠየቀህ?» አልሁት። «ምን ይጠይቀኛል፤ እንደ የኔታ ነው እኮ! ማን ይሻላል አለኝ። አያሌው ይበልጠኛል አልሁት፤ ሌላ ምን እላለሁ?» ብሎ ሳቀ። ያኔ ነው እኔ የተጠራሁት። ገባሁ፣ ደረቴን ነፋሁ፣ መኮንኑን ዓይን ዓይኑን አየሁት። ጠየቀኝ። «እኔ እሻላለሁ፣ ጌታዬ» አልሁ። መኮንኑ ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። «ጓደኛህም አንተን ነው ያለኝ። ሁለታችሁ ከተስማማችሁ እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለና ስሜን ጻፈ።

ስወጣ መርሻ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። «አንተስ ምን አልኸው?» አለኝ። እንደጠየቀኝ ትዝ ይለኛል፤ መልሱን ያወቀ ሰው አጠያየቅ ነበር። «መርሻ ይበልጠኛል አልሁት» አልሁ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና «እንግዲህ የኔ ቃል ቀድማ ደርሳ ይሆናላ» አለ። በነጋታው መኪናዋ ስትነሣ እስከ ከተማው መውጫ ድረስ አብሯት ሮጠ። አቧራው እስኪሸፍነው ድረስ እጁን ሲያውለበልብ አየዋለሁ። ዓይኔን አልጨፈንሁም፤ ብጨፍን ይሻለኝ ነበር።

የጦር ትምህርት ቤቱ በምሥራቅ በኩል፣ ሐሩር ነፋስ በሚነፍስባት ከተማ ዳር ነበር። ላስታን ያላየ ሰው የዚያን ሙቀት ትርጉም አይረዳም። እዚያ ያልተማርሁት የለም። አልጋ ማንጠፍ፣ ዘለበት መወልወል፣ በሹካ መብላት፣ ሰዓት ማክበር። የመጀመሪያው ረቡዕ ቁርስ ላይ እንቁላል ቀረበ። እኔ ዲያቆን ነኝ፤ ከተወለድሁ ረቡዕና ዓርብ ገድፌ አላውቅም። የጠረጴዛው አለቃ «ብላ!» አለ፤ በላሁ። ጉሮሮዬ ላይ የቆመው እንቁላል ነው ወይስ እንባ፣ ዛሬም አልለየሁትም። ግን ለመድሁ፤ ወጣት ምን የማይለምደው አለ? በሦስት ወር ውስጥ አንገቴ ቀና አለ፣ ድምፄ ወፈረ። ለዕረፍት ላሊበላ ስገባ በዚያ ልብስ ሰው ሁሉ ከደጁ ወጥቶ ያየኛል። ነጋዴው ሱቅ ውስጥ ወንበር ይለቀቅልኛል፤ ሬዲዮውን ተደብቄ ሳይሆን ሻይ እየጠጣሁ እሰማለሁ። ሻይ አሥር ሳንቲም ነበረች። ዘንድሮ ወደ ላስታ ስመጣ መንገድ ላይ፣ ፍላቂት ከተማ ለሻይ ስወርድ የተጠየቅሁትን ዋጋ ብነግራችሁ አትወዱትም፤ ስኳሩም ድሮ እንደነበረው አይደለም። መርሻ በዚያን ጊዜ አባቱ ሞተውበት፣ ስምንተኛን ጨርሶ ትምህርቱን አቁሞ፣ እናቱንና ታናናሾቹን ይዞ ዜማ ቤቱ ውስጥ ረዳት ሆኖ ነበር። ሲያየኝ ይስቃል፤ ቆቤን ከራሴ አንሥቶ ይደፋና ሰላምታ ይሰጠኛል። እጁ ግምባሩ ጋ ሲደርስ ከኔ እጅ ይልቅ ቀጥ ያለ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን በዚያ ትምህርት ቤት አጥንቴ ውስጥ የገባው የቅዳሜ ሪፖርት ነው። ቅዳሜ ጧት ከፍተሻ በፊት እንሰለፋለን። ኮማንደሩ ፊታችን ቆመው «ሪፖርት ያለው?» ይላሉ። በሳምንቱ ውስጥ ጥፋት ያጠፋ፣ ማንም ባያየውም፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጥቶ ጥፋቱን በአጭሩ ይናገራል፤ ቅጣቱን ይቀበላል። ሜዳውን ዙር ከተባለ ይዞራል፣ ጠጠር ልቀም ከተባለ ይለቅማል። ቅጣቱ ሲያልቅ ጥፋቱም አለቀ። ከዚያ በኋላ ያን ጥፋት ያነሣ ሰው ራሱ ይቀጣል። ይህን እወደው ነበር። ላስታ ውስጥ ነገር እንደ ቁር ነው፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። እዚያ ግን በዕለቱ ያልቃል። እንጀራዬም የወጣው ከዚሁ ነው። ጦሩ ተበትኖ መጋዘን ጠባቂ በሆንሁ በሁለተኛው ወር፣ መስኮት ሳልዘጋ ረስቼ ዝናብ ገብቶ እህል አበላሸ። ማንም አላየም፤ ጣሪያው ያፈሳል ብል የሚያምነኝ ነበር። ጧት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብቼ ቀጥ ብዬ ቆሜ «መስኮቱን ያልዘጋሁት እኔ ነኝ» አልሁ። ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ አየኝ። በዚህ ድርጅት ውስጥ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም አለ። ቀጣኝ፤ ቀጥቶም ጸሐፊ አደረገኝ፤ ከዚያ ክፍል ኃላፊ፤ ከዚያ የእሱን ወንበር። የትምህርት ቤቴን ፍሬ ንገረን ላለኝ ሰው ይህን ነው የምነግረው። በየቅዳሜው «ሪፖርት ያለው?» ሲባል ግን አንዲቷን ሪፖርት ሳላደርግ ነው የተመረቅሁት። የበደልሁትን ሰው ኮማንደሩ አያውቁትማ። ሪፖርቷ ለመርሻ የምትነገር ነበረች።

በኅዳር ለነአኩቶ ለአብ ንግሥ ብዬ ተነሣሁ። ለባለቤቴ ለበዓሉ ነው አልኋት። ከጋሸና ስንታጠፍ ገብሱ ታጭዶ፣ ነዶው በየማሳው ተከምሯል፤ ያ ሽታ ሲገባኝ ልጅነቴ መጣብኝ። መርሻ ዛሬ መሪጌታ መርሻ ነው፤ በነአኩቶ ለአብ አጠገብ ተማሪዎች ሰብስቦ ዜማ ያስተምራል። ሚስቱ ካረፈች ቆይታለች፤ ስንዱ የምትባል ልጁ ናት የምትጦረው። ያ የመከራ ጊዜ መጥቶ አገሩ ሲታመስ የነበራቸውን ሁለት በሬ አጥተዋል፤ በሥጋ ዓይኑም ከጥላ በቀር አያይም። ደጃፍ ላይ ደርሼ ድምፁን ስሰማ፣ ተማሪዎቹ ፊት ስለነበር «የኔታ፣ እንዴት ሰነበቱ?» አልሁ። ገና ሳልጨርስ፣ «አያሌው ነዋ! ይኸ አረማመድ የማን ነው ታዲያ፤ እንደ ጦር ሰው መሬቱን ትደበድበዋለህ» አለና እጁን ዘረጋ። ተቃቅፈን ቆየን። ቀሎብኛል፤ ነጠላው ውስጥ አጥንት ብቻ ነው ያቀፍሁት። ተማሪዎቹ እኔን ለማየት ተጋፉ። መርሻ ወደ እነሱ ዞሮ «እሱ ነው» ብቻ አላቸው፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ምሳ ስታቀርብ ስንዱን፣ «ልጆቹ እንዴት ነው የሚያውቁኝ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። «እርስዎን የማያውቅ አለ እንዴ ጋሼ? አባየ ለንግሥ መሪ ሲመርጥ ሁልጊዜ የሚያወራው የእርስዎን ነው። ‹ያ ትልቅ ሰው አያሌው፣ መኮንን ፊት ቆሞ፣ ዕድሉን በእጁ ይዞ፣ መርሻ ይበልጠኛል አለ። እኔም እሱን አልሁ። እንዲህ ነው ወዳጅ› ይላቸዋል። እኛ ቤት እህል ባልነበረበት ጊዜ እንኳ ይኽን ሲያወራ ይጠግብ ነበር።» መርሻ አፈር ብሎ፣ «አንቺ ደግሞ፣ ሰውየውን ምሳውን አብዪው እንጂ» አላት። ደስ ብሎታል። ፊቱ ልክ በዚያ ሰኞ ከመኮንኑ ክፍል ሲወጣ እንደበራው በርቷል።

ይህን ሁሉ ዘመን የበላሁት የእሱ መሆኑ ሳያንስ፣ በውሸቴ ደግሞ እያመሰገነኝ ኖሯል። ጨዋ ሰው እዚያ ላይ ምሳውን በልቶ፣ መርቆ፣ ይሄዳል። እኔ ግን በዚያ ትምህርት ቤት የተሠራሁ ሰው ነኝ፤ ጥፋት አፌ ውስጥ ሆኖ ፍተሻ ማለፍ አልችልም። ከምሳ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ዋሻ ጋ ወረድን፤ እጁን ይዤው ነበር። ከጣሪያው የሚወርደው ጠበል በድንጋይ ገበታው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ምእመናኑ ገና አልተሰበሰቡም፤ ሁለታችን ብቻችንን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ተነሣሁ። አዎ፣ ቆምሁ። ቀጥ ብዬ።

«መርሻ፣ የምነግርህ ነገር አለኝ» አልሁ። «መኮንኑ ማን ይሻላል ሲለኝ ‹መርሻ› አላልሁም። ‹እኔ› ነው ያልሁት። አንተ እኔን እንዳልህ እያወቅሁ። አያ ታደሰ፣ ጦር እኔ የሚል ነው የሚፈልግ ብለው ነግረውኝ ነበር፤ ላንተም እንድነግርህ አዘውኝ ነበር። አልነገርሁህም። ስወጣም ዋሸሁህ።»

መርሻ ዓይኑን ወደ ጠበሉ ድምፅ አዞረ። ሊቆጣ ይችላል፣ ሊሰድበኝ ይችላል፣ ምርኩዙን አንሥቶ ሊመታኝ ይችላል ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን ልናገርና፣ እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር። ቅጣቱ ይምጣና ይለቅ።

«የንስሐ አባት የለህም?» አለኝ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

«አለኝ።»

«ለሳቸው ነግረሃቸዋል?»

«አልነገርሁም። መንገር ያለብኝ ላንተ ነው ብዬ ነው።»

«አይ አያሌው» አለ። «ለንስሐ አባትህ ነግረህ፣ ቀኖናህን ተቀብለህ፣ ሰግደህ፣ ይኽን ነገር እዚያው ብትቀብረው ምን ነበረበት? ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብለህ አመጣኸው?»

«እውነቱን እንድታውቅ ነው።»

«አንተ ቀለለህ?»

አልቀለለኝም ነበር፤ ቀለለኝም ብል የባሰ ነው።

«ቦታውንማ ምን አደርገዋለሁ» አለ። «ቦታውን ያኔውኑ ሰጥቼህ ነበር። ተጠይቄ በገዛ አፌ አያሌው ብያለሁ፤ ዛሬም ብጠየቅ እላለሁ። በሱ አልቆጭም። ያንተ ‹እኔ› ማለት የኔን ቃል አይሽራትም።» እጁን ነጠላው ውስጥ አስገባ። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «እኔ ግን ደኻ ነኝ አያሌው። አገር አላየሁ፣ ማዕርግ የለኝ፣ ልጆቼን ከዚህ አላሳለፍሁ። ሰው ሁሉ፣ መርሻ ጎበዝ ነበር፣ ሳይሆንለት ቀረ ይላል። እንዲያው በልቤ ግን፣ አንድ ትልቅ ሰው አለ፣ እሱ ከራሱ አስበልጦኛል እል ነበር። የመሰከረልኝ ሰው አለ እል ነበር። ያለችኝ እሷ ነበረች።»

ምን ልበል? ይቅርታ አልሁ። «አንተ ያኔም ትበልጠኝ ነበር፣ ዛሬም ትበልጠኛለህ» አልሁ፤ እውነቴን ነበር፣ ከልቤ ነበር፣ እንባዬም እየወረደ ነበር። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። «አሁንማ ትላለህ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ተጠይቆ የተባለና ሳይጠየቅ የተባለ ቃል እኩል እንዳልሆነ እሱም እኔም ዜማ ቤት ተምረነዋል።

ሊነሣ ሲል እጄን ዘረጋሁለት። «ተው፤ መንገዱን አውቀዋለሁ» አለኝ። ምርኩዙን እየዳሰሰ፣ ነጠላውን እያስተካከለ፣ ወደ ተማሪዎቹ ሄደ። ማታ አደርሁ፣ ንግሡ በጎ ነበረ፣ ወረቡም ያምር ነበር። መርሻ ተማሪዎቹን መራ፤ ድምፁ ትንሽ ሻክራለች እንጂ ያው የጥንቷ ናት። ስሰናበት ትከሻዬን ሳም ሳም አድርጎ መረቀኝ፤ «በሰላም ያግባህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ምርቃት ከሱ ሰምቻለሁ፤ ይህ ለመንገደኛ ሁሉ የሚባለው ነው። ቅጣቴን ስጠብቅ የነበርሁት ሰውዬ መኪና ውስጥ ገብቼ ተቀመጥሁ። ሾፌሩ እንደ ልጅ አልቅሼ ስላሳፈርሁት ሬዲዮ ከፈተ።

ሁለት ገጼን ጽፌ ልኬያለሁ። ስለ ሰዓት ማክበር፣ ስለ ቅዳሜ ሪፖርት፣ ስለ እርጥብ እህሉና ስለ ሥራ አስኪያጁ። የኮርስ ጓደኛዬ ደውሎ «ከሁሉም ያንተ ይበልጣል፤ ሽፋኑ ላይ የመጀመሪያው አንተ ነህ» አለኝ። አመሰገንሁት። በዚያ ትምህርት ቤት ሰው ሆኛለሁ፤ ይህን አልክድም። ያስተማሩኝ ሁሉ እንጀራ ሆኖኛል። እውነት ለተናገረው ሰው ቢቀል፣ የሚሸከመው ሌላ ሰው ሊሆን እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም። ምናልባት ይህን የሚያስተምሩት ላስታ ውስጥ ነበር፤ እኔ ሳልጨርስ ሄድሁ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እሑድ ለስንዱ እደውላለሁ። «እንዴት ነው የኔታ?» እላታለሁ። «ደህና ነው ጋሼ፣ ያስተምራል፣ ይበላል» ትለኛለች። ያለፈው እሑድ ግን ድፍረት አግኝቼ፣ «ስለ እኔ ያነሣል?» ብዬ ጠየቅኋት። ልጅቷ መዋሸት አትችልም፤ በሱ ወጥታለች።

«አያነሣም ጋሼ» አለች። «ተማሪዎቹ ያንን አውሩልን ሲሉትም፣ ‹ወደ ዜማችሁ› ይላቸዋል።»